ፖሊሱ ስልኩን ሲያቀብላት

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው እንበል፤ ሰዓቱም ከምሽቱ አምስት ገደማ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ አፓርታማ ጩኸት የሰማ ጎረቤት 911 ደውሏል። ሁለት ፖሊሶች መጥተው አንደኛው ባልየውን ወደ ኮሪደሩ አወጣው፤ ሌላው ሚስትየውን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። እንግሊዝኛዋ ለሥራ ይበቃታል፤ ለእንዲህ ያለ ሌሊት ግን አይበቃም። የሰባት ዓመት ልጇ ሊያስተረጉምላት በሩ ሥር ቆሟል። ሥራውን የሚያውቅ ፖሊስ ልጅን በእናትና በአባቱ መካከል አስተርጓሚ አያደርግም። ልጁን ወደ መኝታ ቤት ልኮ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ያስጠራል።

«ምንም አልሆንኩም» ትላለች። «ትንሽ ተጋጭተን ነው። እናንተ ስትመጡ እኮ ታርቀን ነበር።»

ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ፖሊሱ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ያወጣል። 11 ጥያቄዎች አሉበት።

«በመሣሪያ ጎድቶዎት ወይም በመሣሪያ አስፈራርቶዎት ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

«እርስዎን ወይም ልጆችዎን እገድላለሁ ብሎ ያውቃል?»

ትንሽ ዝም ትላለች። «ሲናደድ ይላል። የአፉን ነው፤ ልቡ እንደዚያ አይደለም።»

አስተርጓሚዋ እንዳለችው ታስተላልፋለች። ፖሊሱ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ይቀጥላል፦ ይገድለኛል ብለው ያስባሉ? ሽጉጥ አለው ወይስ በቀላሉ ሊያገኝ ይችላል? አንቆ ይዞዎት ያውቃል? እዚህ ላይ እጇ ወደ ነጠላው ይሄዳል። ይቀናል ወይ? የት እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ይቆጣጠራል ወይ? ጥለውት ወጥተው ወይም ተለያይተው ያውቃሉ? ሥራ አለው? ራሱን ለመግደል ሞክሮ ያውቃል? የእሱ እንዳልሆነ የሚያውቀው ልጅ አለዎት? ይከታተልዎታል፣ የማስፈራሪያ መልእክት ይልክልዎታል?

ሴትዮዋ በእውን የነበረች ሰው አይደለችም፤ አሠራሩን ለማሳየት ያቆምኳት ናት። ወረቀቱና ደንቡ ግን በሜሪላንድ በየቀኑ ሥራ ላይ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ለአንዱ «አዎ» ከተባለ ይበቃል። ለሦስቱም «አይ» ተብሎ ከቀሩት ስምንት ለአራቱ «አዎ» ከተባለም እንደዚያው። ወረቀቱ ምንም ባያሳይም፣ የፖሊሱ ልብ ካልተረጋጋ በራሱ ፍርድ መቀጠል ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር ከባድ ነው፦ «በእርስዎ ሁኔታ ላይ የነበሩ ሰዎች ተገድለዋል። ስለ እርስዎ ሰግቻለሁ።» እዚያው ወጥ ቤት ቆሞ ለአካባቢው የጥቃት ተጎጂዎች ድጋፍ መስመር ይደውላል፤ ጉዳዩን በአጭሩ ከነገረ በኋላ ስልኩን ያቀብላታል። ንግግሩ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዲሄድ አይጠበቅም። ዛሬ ማታ የት ታድራለች? ነገ ጠዋት ማን ይደውልላት? በየትኛው ቁጥር ቢደወል እሱ አያየውም?

አላወራም ካለች አትገደድም። ስልኩን ያነሣችው ባለሙያ ምክሯን ለፖሊሱ ትነግረዋለች፤ ፖሊሱ ደግሞ ለሴትዮዋ።

*

ጥያቄዎቹ የመጡት ከነርስ ነው። ጃክሊን ካምቤል ወደ ምርምር የገባችው በነርስነት ነው፤ በኋላ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆናለች። በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአደጋ መመዘኛ የተባለውን ዝርዝር አወጣች። መነሻዋ ቀላል ነበር። ሴቶች በባሎቻቸውና በቀድሞ ወዳጆቻቸው ሲገደሉ ሞቱ ከሰማይ ዱብ እንዳለ ተደርጎ ይወራል፤ የኋላው ሲገለጥ ግን ተመሳሳይ ምልክቶች ይደጋገማሉ። በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው የ11 ከተሞች ጥናት የተገደሉ ሴቶችን ጉዳይ ከተደበደቡ ነገር ግን በሕይወት ካሉ ሴቶች ጋር አነጻጸረ። ጥቃት አድራሹ ሽጉጥ የሚያገኝ ከሆነ የመገደል አደጋው ከ5 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ሁሉን ልቆጣጠር ከሚል ሰው ጋር የኖረች ሴት ጥላው ስትወጣ አደጋው ወደ 9 እጥፍ ይጠጋል። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት በባሏ የታነቀች ሴት በእሱ እጅ የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚያድግ አሳየ። ማነቅ ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም። የበለዘ ዓይን የሚፈልግ ፖሊስ አልፎት ይሄዳል።

«ታዲያ ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚለውን ጥያቄ እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከአፋችን አይጠፋምና። መልሱ ከላይ ባለው ቁጥር ውስጥ አለ። ብዙዋ ሴት የማትሄደው ሂሳቡን በልቧ ስለምታውቀው ነው። በሌላ በኩል የካምቤል ጥናቶች የሚያሳዝን ነገርም አግኝተዋል፦ ከተገደሉትና ለጥቂት ከሞት ከተረፉት መካከል ግማሽ ያህሉ ይገድለኛል ብለው አላሰቡም ነበር። ስለዚህ ፈርቻለሁ የምትለውን ማመን ያስፈልጋል፤ አልፈራሁም የምትለውን ደግሞ ወረቀቱን ይዞ መጠየቅ።

በሜሪላንድ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚታገሉ ድርጅቶች ጥምረት ከ2003 ጀምሮ የካምቤልን ዝርዝር ለፖሊስ በሚመች መልክ አሳጠረው፤ በ2005 መንገድ ላይ ሥራ ጀመረ። አነሣሣቸው ያሉት ሁለት ቁጥሮች አሉ። በባልና በወዳጅ ከተገደሉት ሴቶች የመጠለያና የምክር ድርጅቶችን ደጅ ረግጠው የሚያውቁት 4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፖሊስ ግን በግማሹ ያህል ቤት ቀድሞ ተጠርቶ ነበር። አንደኛው ወገን ቤቱን ያውቃል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ሌላኛው ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ቤቱን አያውቅም። የዚህ ሁሉ አሠራር ፍሬ ነገር ሁለቱን በአንድ ስልክ ማገናኘት ነው። ዛሬ ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ውስጥ ይሠራበታል። በኦክላሆማ በሰባት የፖሊስ መምሪያዎች የተደረገው ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ሴቶች ራሳቸውን ለመጠበቅ ብዙ እርምጃ እንደወሰዱ፣ የደረሰባቸውም ጥቃት በብዛትም በክብደትም እንደቀነሰ አግኝቷል።

*

ፖሊስ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለአሜሪካ ፖሊስ የባልና ሚስት ጠብ ወንጀል ሳይሆን ራስ ምታት ነበር። ባልየውን «አየር ተቀብለህ ና» ብሎ ማውጣት፣ ሚስትየውን «እስኪበርድለት እናትሽ ጋ ሂጂ» ማለት የተለመደ ነበር፤ እኛም ከምናውቀው የራቀ አይደለም። የለወጠው አንደኛው ነገር ገንዘብ ነው። በ1983 በኮነቲከት ክፍለ ግዛት በቶሪንግተን ከተማ አንዲት ሴት ተለይታው በነበረው ባሏ ተደጋግማ በቢላ ተወጋች። ከዚያ በፊት ለወራት ለፖሊስ ስታመለክት ነበር። ፖሊስ ከደረሰ በኋላ እንኳ ሰውዬው ወዲያው አልተያዘም፤ ፖሊስ ባለበት ጭንቅላቷን ረገጣት። ከተማውን ከሰሰች። ዳኞቹ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት፤ በኋላ በ1.9 ሚሊዮን ተስማሙ። በ1986 ኮነቲከት ሕጓን ቀየረች። የሌሎች ከተሞች ከንቲባዎችም ጉዳዩን በጥሞና አነበቡት።

ሁለተኛው ነገር በሚኒያፖሊስ የተደረገ ሙከራ ነው። በ1981 እና 1982 ሎረንስ ሸርማን እና ሪቻርድ በርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለፖሊሶች ባለ ሦስት ቀለም ቅጽ አደሉ። ከላይ ያለው ቅጽ ቀለም ፖሊሱ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል፦ ማሰር፣ ለ8 ሰዓት ከቤት ማስወጣት፣ ወይም መምከር። ውሳኔው ዕጣ ነበር ማለት ነው። በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ጥቃት መፈጸማቸው በፖሊስ መዝገብ የተገኘባቸው ከታሰሩት 10 ከመቶ፣ ከተመከሩት 19 ከመቶ፣ ከቤት ከወጡት 24 ከመቶ ሆኑ። ዜናው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ «ማሰር ይሠራል» ተባለ፤ ብዙ ክፍላተ ግዛት ማሰርን ግዴታ አደረጉ።

ችኮላ ነበር። ሙከራው በሌሎች ከተሞች ሲደገም ውጤቱ ተዘበራረቀ። ሸርማን ራሱ በሚልዋኪ ያገኘው ደስ የማይል ነበር፦ ሥራ ያለው ሰው ሲታሰር ይታረማል፤ ሥራ የሌለው ሲታሰር ደግሞ ይብስበታል። የሚያጣው ክብርና ደሞዝ ያለው ሰው አንድ ሌሊት ጣቢያ ማደሩ ያስፈራዋል። የሚያጣው የሌለው ቂም ይዞ ይመለሳል፤ የሚመለስበትም ቤት የሷ ነው። ካቴና ብቻውን ሥራውን እንደማይሠራ ያሳየው ይህ ነው። በዚሁ ጊዜ፣ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ፣ በዱሉዝ ከተማ ኤለን ፔንስ እና ባልደረቦቿ ከ1980 ጀምሮ ሌላ ነገር ይሞክሩ ነበር። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ የአመክሮ ተቆጣጣሪና የሴቶች መጠለያ በአንድ ደንብ እንዲሠሩ አስማሟቸው። ፖሊስ ያስራል፤ በዚያው ሌሊት የመጠለያው ሰው ወደ ሴትዮዋ ይሄዳል፤ ሰውዬው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለወራት የሚቆይ ትምህርት ይገባል፤ ከቀረ ተቆጣጣሪው ያውቃል፣ ዳኛውም ይሰማል። ከትምህርቱ ይልቅ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ያለው «ይሰማል» የሚለው ይመስለኛል።

*

እንዲህ ያለው ትብብር ሲጎድል የሚሆነውን የኒውበሪፖርትና የኤምስበሪ ታሪክ ይበልጥ ያሳያል። ሁለቱም በሰሜን ማሳቹሴትስ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በ2002 በኤምስበሪ አንዲት ሴት በባሏ ተገደለች። ከዚያ በፊት የአካባቢው የጥቃት መከላከያ ማዕከል፣ ጄን ጋይገር፣ ያውቃት ነበር። መጠለያ ሂጂ ቢሏት እምቢ አለች፤ ስትሸሽ ኖራ ስለሰለቻት፣ ቤቴንና ልጆቼን ይዤ እዚሁ ልኑር ነው ያለችው። የፍርድ ቤት የመከላከያ ትእዛዝ ነበራት። ባሏ ታስሮ በ500 ዶላር ዋስ ተለቀቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ገደላት፤ ራሱንም አጠፋ።

በኋላ ሰነዱ ሲገላበጥ የታየው ነገር ሠራተኞቹን አላስተኛቸውም። ማዕከሉ ይገድላታል ብሎ ይሰጋ ነበር፤ ፖሊስም የሚያውቀው ነበረው፤ ፍርድ ቤቱም ፊት መዝገብ ነበር። የዋሱን ገንዘብ የወሰነው ችሎት ግን ሌላው ያወቀውን አላወቀም፤ ፊቱ የቀረበው ከዚህ በፊት ከባድ የወንጀል መዝገብ የሌለበት፣ ሥራ ያለው፣ በራሱ እግር የመጣ ሰው ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሲደመር የሞት ማስጠንቀቂያ ነበር።

የማዕከሉ ባልደረባ ኬሊ ደን እና ጓደኞቿ በ2005 የከባድ አደጋ ቡድን የተባለውን አቋቋሙ። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የአመክሮ ተቆጣጣሪ፣ የሆስፒታል ሰው፣ የወንዶቹን ትምህርት የሚሰጠው ድርጅትና የማዕከሉ ሠራተኛ በየወሩ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ዝርዝር ረጅም አይደለም፤ በካምቤል መመዘኛ ላይኛው ጫፍ ላይ ያሉ ጉዳዮች ብቻ ናቸው። አንዱ «ሐሙስ ዕለት ከሥራ ተባሯል» ይላል። ያ ወሬ ለብቻው ተራ ወሬ ነው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ፖሊስ በዚያ ሳምንት ቤቱን ደጋግሞ እንዲቃኝ ምክንያት ይሆናል። ሌላው የፍርድ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ያስታውሳል። ከቤት የሚወጣ ሰው ካለ እሷ መሆን የለባትም የሚል አቋም አላቸው፤ እሱን በኤሌክትሮኒክ አምባር ይቆጣጠሩት፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ የአደገኝነት ችሎት ጠይቆ እስከ ፍርዱ ቀን በእስር ያቆዩት። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን፣ እናታቸው ሥራዋን አትተው። ጋዜጠኛዋ ሬቸል ሉዊዝ ስናይደር ይህን ሥራ በ2013 በኒው ዮርከር መጽሔት፣ ከዚያም በመጽሐፏ በሰፊው ጽፋዋለች።

ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ደግሞ ከዚህ ሁለት ዓመት ቀድማለች። እዚያ በ2003 የተጀመረው ተመሳሳይ ስብሰባ ዛሬ በመላ ብሪታንያ ሥርዓት ሆኗል። 24 ጥያቄዎች አሉ፤ 14 «አዎ» ያገኘ ጉዳይ ወደ ስብሰባው ይሄዳል። የኔን ቀልብ የሳበው ሌላ ደንብ ነው፦ አንዴ ስብሰባው ላይ የታየ ቤተሰብ በ12 ወር ውስጥ አዲስ ጥቃት ከደረሰበት ተመልሶ ይቀርባል፤ ጥቃቱ በራሱ ሲታይ ቀላል ቢሆንም። የካርዲፍን ሥራ የገመገመችው አማንዳ ሮቢንሰን ከዓመት በኋላ ስትመለስ ከአሥር ሴቶች አራቱ ገደማ እንደገና አልተጠቁም ነበር። ስድስቱ ግን ተጠቅተዋል። ይህን ውጤት ውድቀት የሚል ይኖራል። ከሁሉ የከፉ ጉዳዮች ብቻ የተመረጡበት ዝርዝር መሆኑን ላስታወሰ ግን አራቱ ትልቅ ቁጥር ነው።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሃይ ፖይንት የተባለችው ከተማ ከ2012 ጀምሮ ነገሩን ገልብጣ ያዘችው፤ ተከታታዩ ትኩረት በሴትዮዋ ላይ ሳይሆን በሰውዬው ላይ ይሁን አለች። ፖሊስ ወንዶቹን በአራት ደረጃ ይመድባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርቶበት ያልታሰረ ሰው ጥቂት ቀናት ቆይቶ ፖሊስ ደጁ ይመጣና በእጁ ደብዳቤ ይሰጠዋል፦ ስምህ ተመዝግቧል፤ ከእንግዲህ እናይሃለን። ከታሰረ አንድ ደረጃ ይወጣል። ከደጋገመ ተጠርቶ ዐቃቤ ሕግ፣ ፖሊስና የአካባቢው ሰዎች በተሰበሰቡበት ፊት ለፊት ይነገረዋል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ አይሰጠውም፤ በተገኘው ሕግ ሁሉ ይከሰሳል። ሴትዮዋ ትናገር አትናገር ሳይጠበቅ ነው ይህ ሁሉ፤ «ያሳሰርሽኝ አንቺ ነሽ» እንዳይላት።

*

ማኅበራዊ አገልግሎትና ፖሊስ ሲተባበሩ ሁልጊዜ ለሴትዮዋ ይበጃል ማለት አይደለም። በኒው ዮርክ በ1999 የሆነው መነገር አለበት። አንዲትን የብሩክሊን እናት ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ የልጇ አባት ክንዷን ሰበራት፤ ራሷን ፈነከታት። ራሷ 911 ደወለች፤ አምቡላንስ ሳይመጣ ልጆቿን የምታምናት ጎረቤት እንድትጠብቅላት አዘጋጀች። ሆስፒታል ሳለች የከተማው የሕፃናት አገልግሎት ልጆቹን ወስዶ ለማታውቃቸው አሳዳጊዎች ሰጠ፤ እሷንም ልጆቿን ከጥቃት አልጠበቀችም ብሎ ከሰሳት። ጉዳዩ በብዙ እናቶች ስም የጋራ ክስ ሆነ። በ2002 ዳኛ ጃክ ዋይንስቲን አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ፤ በ2004 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም እናት መደብደቧ ብቻውን ልጆቿን ለመንጠቅ ምክንያት እንደማይሆን አጸና። መረጃ መጋራት ሲባል ማን ለማን፣ ለምን የሚለው ከባድ ጥያቄ የሆነው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጠለያ ሠራተኛ ያለ ሴትዮዋ ፈቃድ ምስጢሯን ለፖሊስ እንዳትሰጥ ሕግ የሚያስራት በዚህ ሥጋት ነው። ትብብሩ መልካም የሚሆነው ሴትዮዋ ነግራው የማትጸጸትበት አንድ ሰው በመካከሉ ሲኖር ነው።

ወደ ራሳችን ሰዎች ልመለስ። ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሳይቀር በአማርኛ የሚታተምበት ቦታ ነው። ሮክቪል ላይ ከ2009 ጀምሮ የቤተሰብ ፍትሕ ማዕከል አለ። ሸሪፉ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ የካውንቲው የምክር ባለሙያዎች፣ ነጻ ጠበቆችና ለልጆች የሚሆን ክፍል በአንድ ቤት ናቸው። ሴትዮዋ ታሪኳን ከቢሮ ቢሮ እየዞረች አትደግምም። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት በተዘጋበት ሌሊትም ኮሚሽነር ዘንድ ሄዶ ጊዜያዊ የመከላከያ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ ዳኛ ያየዋል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ሰውዬው ቤቱን እንዲለቅ፣ እንዳይደውል፣ የጦር መሣሪያውን እንዲያስረክብ፣ ለቤተሰቡ ቀለብ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ እያለ ብዙዋ እህታችን አትደውልም። አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። ግሪን ካርዷ በእሱ ማመልከቻ ላይ የተንጠለጠለች ሴት «ፖሊስ ከጠራሽ አስመልስሻለሁ» ስትባል ታምናለች። በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት ሕግ ይህን ዛቻ ባዶ አድርጎታል፤ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ባል የሚያጠቃት ሚስት እሱ ሳያውቅ ራሷ ማመልከት ትችላለች፤ መሥሪያ ቤቱም ለእሱ መንገር ተከልክሏል። ባልየው ዜጋም ቋሚ ነዋሪም ካልሆነ ደግሞ በ2000 የተፈቀደው የዩ ቪዛ አለ፤ ከወንጀል መርማሪዎች ጋር ለተባበሩ ተጎጂዎች ነው። በዓመት 10,000 ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው ረጅም ነው፤ ማመልከቻው ላይ የፖሊስ ወይም የዐቃቤ ሕግ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ የዚያን ሌሊት የተጻፈችው ሪፖርት ከዓመታት በኋላ ዋጋ ታወጣለች።

ሌላው ምክንያት እኛ ነን። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ሲብስ ሽማግሌ ይላካል፤ የንስሐ አባት ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ቡና ይጠጣሉ፣ ሁለቱንም ይሰማሉ፣ ይገሥጻሉ። «አንቺም ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ አንተም እጅህን ሰብስብ» ይባላል። ያለፈው አልፏል ተብሎ ይታረቃሉ። ሽምግልናን የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ የርስት ጠብን፣ የነፍስ ቂምን ያበረደ ነው። ለተደጋጋሚ ጥቃት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ እርቁ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። የዛሬ ዓመት ያስታረቁት ሽማግሌዎች ሌሎች ነበሩ፤ የዘንድሮዎቹ ያንን አልሰሙም ወይም እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ጨርሶ ያልተባበሩ ፖሊሶችም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ እያንዳንዱ ጥሪ የመጀመሪያው ነበር። «አንቆሽ ያውቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ሽማግሌ ይህን ጠይቆ መልሱ አዎ ከሆነ ማስታረቁን ትቶ ሴትዮዋን ወደ ሮክቪል ቢያደርሳት ሽምግልናው አይዋረድም።

አገር ቤት ያለው ገጽታ ከዚህ የተለየ ቢሆንም ስንጥቁ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ አገሮች ጥናቱ ቡታጅራ አካባቢ ካነጋገራቸው ሴቶች 71 ከመቶው በሕይወታቸው በባል ወይም በወዳጅ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁት 34 ከመቶ የባል ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ፣ ወንዶች 28 ከመቶ ነበሩ። ይህ የሚያስገርመው ሰው ካለ የማን እናት ማንን «ቻዪው» እንዳለች ያስታውስ።

የትብብሩ ዘር ግን አለ። ፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አላቸው። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የተቋቋመው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ማኅበራዊ ሠራተኛን አንድ ግቢ ውስጥ አገናኝቷል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች መጠለያ ይሰጣሉ፤ መጠለያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ከተማ ውስጥ ናቸው። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጥቃት በስሙ ጠርቶታል፤ ቅጣቱን ግን ወደ ተራዎቹ የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በሌሊት የሚገኘው ዓይነት ሰውዬውን ከቤት የሚያርቅ፣ ለቤት ውስጥ ጥቃት ተብሎ የተሠራ የመከላከያ ትእዛዝ የለንም። ቀላል ጉዳት ከሆነ ክሱ የሚቀርበው በግል አቤቱታ ነው። ሽማግሌ ይገባል፤ ሴትዮዋ አቤቱታዋን ታነሣለች፤ መዝገቡ ይዘጋል። በስድስት ወር ስትመለስ አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ መርማሪውም አዲስ ሊሆን ይችላል። የፊተኛውን መዝገብ ቁጥር በኋለኛው ሽፋን ላይ ለመጻፍ አዋጅ አያስፈልግም፤ የጣቢያ አዛዥ መመሪያ ይበቃል።